«የ13 ወር ፀጋ» ክረምቱን የት ጣለው?

እስቲ ዛሬ ስለ ክረምት እናውራ። «የ13 ወር ፀጋ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። በፖስተር አይተነዋል፣ በፖስታ ካርድ አንብበነዋል፣ በሬዲዮ ሰምተነዋል። መፈክሩን ያወጡት፣ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1950ዎቹ ዓመታት ከምንም ተነስተው ትልቅ ሥራ የሠሩ ሰው ናቸው። በሳቸው ላይ ቂም የለኝም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ መፈክሩ በእንግሊዝኛ የሚለው የ13 ወር «ፀሐይ» ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ «ፀጋ» ተባለ። ይኼ እንዲያው የመጣ ለውጥ አይመስለኝም። የአገሬን ገበሬ ሐምሌ ላይ «ፀሐይ አለልህ» ብትለው ይስቅብሃላ! ያቺ የምንመካባት አሥራ ሦስተኛዋ ወር፣ ጳጉሜ ራሷ ዝናብ ናት። በሩፋኤል ዕለት የሚወርደውን ዝናብ ጠበል ነው ብለን፣ ልብሳችንን ጥለን እየጨፈርን የተጠመቅንባት ወር እኮ ናት።

በ2008 ዓ.ም. መፈክሩ ተለወጠና «ምድረ ቀደምት» ተባልን። መልካም። ልማዱ ግን አልተለወጠም። ከሰኔ እስከ መስቀል ድረስ የአገሪቱ ታሪክ ዝግ ነው። እንግዳው የሚጠበቀው ጭቃው ሲደርቅ፣ አደይ አበባው ሲፈነዳ፣ ሹማምንቱ ነጭ ልብሳቸውን ሲለብሱ ነው። ክረምት ማለት ለነሱ የሚያሳፍር ዘመድ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚደበቅ።

እኔ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነኝ። ለማያውቃት፣ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ ያለች፣ ታችኛው ጫፏ ዓባይ በረሃ የሚደርስ፣ የቅኔ አገር ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ እሷ ናት። እኛ ዘንድ ክረምት የሚደበቅ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ብላ በቀን ቆጥራ የሰጠችው ዘመን ነው። ቋንቋችንም ከክረምት የተቀዳ ነው። «እንዴት ከረምክ?» እንላለን። ስንለያይ «ደህና ክረም» እንባባላለን። የዚህን ሰላምታ ትርጉም ያወቅሁት አድጌ ነው፤ «ያን ዝናብ፣ ያን ወንዝ፣ ያን የባዶ ጎተራ ወራት እንዴት ተሻገርከው?» ማለት ነው። በጋውን ማን ይጠይቃል? በጋ ሁሉም ያልፈዋል።

ነገሥታቱም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። የቀድሞውን ታሪክ ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ ንጉሡ በበጋ ይዘምታሉ፣ ዝናቡ ሲጀምር አንድ ቦታ ሰፍረው «ይከርማሉ»። ጦር በክረምት አይንቀሳቀስም ነበር። በቅሎው ይሰምጣል፣ ባሩዱ ይርሳል፣ ወንዙ ይሞላል። ለዚህ ነው አምባ የሚባለው ነገር አምባ የሆነው። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የኛው ጎጃሜ ተድላ ጓሉ ጅበላ አምባ ላይ ወጥቶ እምቢ ሲል፣ ያ ራስን ሁሉ ያንበረከከ ንጉሥ ሊያወርደው አልቻለም። ገደሉ ብቻ አይደለም ያገደው። ገደልን በበጋ ስምንት ወር ከበህ ትጠብቀዋለህ። ክረምት ሲመጣ ግን የሚራበውና የሚታመመው ታች ያለው ከባቢ ነው፤ ላይ ያለው ቤቱ ነው፣ እሳቱ ዳር ነው። አምባውን በበጋ የሚያይ ሰው ድንጋዩን ብቻ ያያል። ግማሹን ምሽግ አላየም ማለት ነው።

ስለዚህ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከሁለት ጓደኞቼ ጋር መቅደላን በክረምት ለማየት ተነሳን። ከመሄዳችን በፊት ወደ አንድ የመንግሥት ቢሮ ደውዬ ነበር። የትኛው እንደሆነ ተዉት። ሰውየው በትሕትና «ከመስቀል በኋላ ብትመጡ ይሻላል» አለኝ። ለምን? «ክረምት ነዋ!» ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልነበረውም። ክረምት መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ፤ ጎጃም ሆኜ ነው የምደውለው።

ደሴ አድረን፣ በኩታበር አልፈን ወደ ተንታ ስንሄድ መኪናው ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዘው፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ከተንታ ወዲያ በእግር ነው የሄድነው። መንገድ የሚያሳዩን አንድ የአገሩ ገበሬ አገኘን፤ ስልሳ ዓመት የዘለላቸው ይመስለኛል። ጋቢያቸውን በላስቲክ ሸፍነው፣ ሽመላቸውን ይዘው ወጡ። ገና ከመንደሩ ሳንወጣ ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት። የኔ ጓደኛ ለጉዞው ብሎ አዲስ ቦቲ ጫማ ገዝቶ ነበር። አዩትና «ልጄ፣ እሱ ጫማ ነው የሚጥልህ፤ አውልቀው» አሉት። አላወለቀም። ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ በአራተኛው አወለቀ። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ተረት እዚያ ተረት አይደለም። ድጡ ዳገቱ ላይ ነው፣ ማጡ ሜዳው ላይ።

ፍልሰታ ስለነበረ ስንቃችን ቆሎና በሶ ነው። ጉሙ አምባውን አንዴ ይገልጠዋል፣ አንዴ ይውጠዋል። ሲገልጠው ከገደሉ ጫፍ ውሃ ይወርዳል፤ በበጋ የማይኖር ፏፏቴ ነው፣ ከሩቅ ነጠላ የተሰቀለ ይመስላል። ቡሄ ስለደረሰ እረኞቹ ጅራፍ ያጮሃሉ። የሚያጮሁትን ልጆች አታዩአቸውም፤ ጉሙ ውስጥ ናቸው። ድምፁ ብቻ ከዚህም ከዚያም ይፈነዳል፣ ገደሉ ይመልሰዋል። ጓደኛዬ አንዴ ደንግጦ ተቀመጠ። ሽማግሌው ሳቁ። «የመቅደላ መድፍ ነው» አሉት።

ከዚያ ወንዙ ጋ ደረስን። ወንዝ አልኩት እንጂ በበጋ ሕፃን ድንጋይ በድንጋይ እየረገጠ የሚሻገረው ጅረት ነው። በዚያን ቀን ግን ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ሞልቶ መጣ። ቀይ ነው፣ ይጮሃል፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ቆምን። ማዶም ሰው ቆሟል። እኛ ያለንበት ዳር አንዲት እናት ልጇን አዝላ ቆማለች። ልጁ ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ልትወስደው ነው የተነሳችው። ሽማግሌውን «ጋሼ፣ ይጎድል ይሆን?» አለቻቸው። «ይጎድላል፣ አይዞሽ እመቤት» አሏት። ሌላ ምን ይበሏት? ሦስት ሰዓት ቆመን ጠበቅን። እኛ ታሪክ ልናይ ነው የመጣነው፤ ብንመለስም ምንም አንሆንም። እሷ ግን በየጊዜው እጇን ወደ ኋላ እየሰደደች የልጁን ግንባር ትነካለች። በመጨረሻ ውሃው ጉልበት ድረስ ሲወርድ ወንዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ፤ በመካከል አሳለፏት። ያን ሰንሰለት የመሰለ ሌላ ድልድይ እዚያ ወንዝ ላይ አልነበረም።

አምባው ላይ የወጣነው በማግስቱ ነው። በኮኬት በር ገብተን ላይ ስንደርስ ደመናው ከእግራችን በታች ተኝቷል። መቅደላ ደሴት ሆናለች። በስተታች ፋህላ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። አፄ ቴዎድሮስ ለምን እዚህ እንደመጡ ያኔ ይገባችኋል። የዘመቻውንም የቀን አቆጣጠር እስቲ በክረምት ዓይን ተመልከቱት። ንጉሡ ከደብረ ታቦር የተነሱት ክረምቱ እንደወጣ፣ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። 70 ኩንታል ያህል ትመዝናለች የምትባለውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ በጋውን ሙሉ ተጉዘው መቅደላ የደረሱት የእንግሊዝ ጦር ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ናፒየርም ቢሆን ሰዓቱን የሚያየው በዝናቡ ነው። 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ የመጣ ሰው፣ ሚያዝያ 3 አሮጌ ላይ ተዋጋ፣ ሚያዝያ 6 አምባውን ያዘ፣ ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ፣ አምባው ተዘርፎ ተቃጠለ፤ ከዚያ ሩጫ! ክረምቱ ሳይይዘው ወደ ባሕር ወረደ። ዝሆን ነበረው እንጂ ነሐሴን የሚሻገርበት ዝሆን አልነበረውም። ንጉሡ አንድ ወር ተኩል፣ ሁለት ወር ቢያዘገዩት ኖሮ ታሪኩ ምን ይሆን ነበር ብዬ እዚያ ጭጋግ ውስጥ ቆሜ አስቤያለሁ። ይኼን ጥያቄ በጥር ወር በፀሐይ መነጽር የመጣ ጎብኚ አይጠይቀውም። ሴባስቶፖል አሁንም እዚያው ናት። እጄን ጫንኩባት፤ እንደ በረዶ ትቀዘቅዛለች።

አንድ የሚያበሽቀኝ ነገር አለ። የመቅደላ ዘረፋ ሲነሳ ሁላችንም እንጮኻለን፤ መጮኻችንም ትክክል ነው። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጓል። ብራናው፣ ታቦቱ፣ ዘውዱ ሄደ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የንጉሡ ፀጉር ከለንደን ሲመለስ ባለሥልጣናቱ ተሰልፈው ተቀበሉ፤ ቴሌቪዥኑ አሳየን። ይሁን። እንግሊዝ ተሸክሞ ሊወስደው ያልቻለው አንድ ነገር ግን አለ፤ አምባው ራሱ። እሱን ማንም አልዘረፈንም። እዚያው ቆሟል። ታዲያ ከሥሩ ያለው ወንዝ ላይ ሁለት ገመድ የሚዘረጋ የጠፋው በማን ምክንያት ነው? በናፒየር?

«በጀት የለም» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ወደ ጎጃም ልመልሳችሁ። ሞጣ አካባቢ ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ፣ ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኝ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ከስልሳ ዓመት በላይ የአገሬ ሰው በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ ማዶ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ያንን ክፍተት ሲሻገር ኖረ። ንጉሡ መጡ፣ ሄዱ። ደርግ መጣ፣ ሄደ። ኢሕአዴግ መጣ። ሰውየው ገመድ ላይ ነው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ መጽሔት ሲያገላብጥ የዚያን ገመድ ፎቶ አየ። ኬን ፍራንትዝ ይባላል። በዓመቱ መጥቶ ጠገነው፤ ከዚህ ሥራ ተነስቶም በዓለም ዙሪያ የእግር ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2005 ክረምት ዓባይ ሞልቶ ጥገናውን ወሰደው። በ2009 ደግሞ ከጎርፉ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። ሦስት መንግሥት ያላየውን ጉድ አንድ ሰው በፎቶ አየው! የዓባይ ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለውን ሰምታችኋል፤ ድልድይም ጠምቶታል።

ሄልቬታስ የሚባለው የስዊዝ ድርጅትም በክልሉ እንዲህ ያሉ የተንጠለጠሉ የእግር ድልድዮችን ሠርቷል። ጥበቡ በኔፓል ተራሮች የዳበረ ነው። እዚያም እንደኛው ገደል፣ ጎርፍና ለወራት የማያቋርጥ ዝናብ አለ። ልዩነቱ እነሱ «ከዝናቡ በኋላ ኑ» ብለው አልተቀመጡም። መንደር ከመንደር በገመድ ድልድይ አያያዙ፤ ያው ገበሬው በሬውን የሚነዳበት መንገድ ዛሬ ፈረንጅ ገንዘቡን ከፍሎ የሚሄድበት መንገድ ሆነ። መጀመሪያ ለማን ተሠራ? ለገበሬው።

እኛ ጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቱሪዝም ሲባል የሹማምንቱ አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ሎጅ ነው። ገበታ ለአገር ተብሎ በጎርጎራ ሪዞርት ተገንብቷል። ጥሩ ነው፣ ያማረ ነው፣ እንግዳው ይተኛበት። ለመሆኑ በዚያ ገንዘብ ስንት ወንዝ ላይ ገመድ ይዘረጋ ነበር ብሎ የጠየቀ የምክር ቤት አባል ነበር? እኔ አልሰማሁም።

ይኼን ሁሉ የምጽፈው ስለ መቅደላ ብቻ ብዬ አይደለም። ከጮቄ የሚነሱት ወንዞች፣ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ሌሎቹም፣ በክረምት ጎጃምን እንደ ዳቦ ይቆራርሱታል። ዓባይ የሚበላው ውሃ እኛን እየበላ ነው የሚሄደው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የአክስቴ ልጅ በኛው ቆላ ምጥ ያዛት። የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ፤ አራት ሲሸከሙ አራት እየተቀየሩ። ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ላስቲክ ዘርግተው እዚያው ዳር አደሩ። ሌሊት ወለደች። እሷ ተረፈች፤ ልጁ ነግቶ አላየም። ሬሳውን ይዘው የተመለሱት በመጡበት መንገድ ነው። ጠዋት ወንዙ ጎድሎ ነበር። በበጋ አቤት ብለን አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን፤ «በዕቅድ ተይዟል» ተባልን። በየትኛው ዓመት ዕቅድ ብለን ብንጠይቅ ሰውየው መዝገቡን ከደነና «ታገሡ» አለን። አክስቴ «ልጄ፣ ትዕግሥትስ ከኛ በላይ ማን አለው?» አለችው። መልስ አልሰጣትም።

ይኼ የመቅደላዋ እናትና የአክስቴ ልጅ ነገር አንድ ነው። አምባውን የሚዘጋው ወንዝና ቃሬዛውን የሚያቆመው ወንዝ ያው ነው። ስለዚህ ነው ክረምቱን አትደብቁት የምለው። ታሪክ ለመጎብኘት በነሐሴ የሚመጣ ሰው ቢኖር፣ ወንዙ ዳር ከገበሬው ጋር ይቆማል፤ ከቆመ ያያል፤ ካየ ይጠይቃል። ሹማምንቱ እንግዳውን «ከመስቀል በኋላ» የሚሉት ለእንግዳው አዝነው ብቻ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ የባሰ መጣ። ድሮ ክረምት ጦርነት ያስቆም ነበር ብያለሁ። በ2015 ዓ.ም. ግን በአማራ ክልል ጦርነቱ የተቀጣጠለው በራሱ በክረምት ነው፤ በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ገበሬው አረሙን ሳይጨርስ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ! አያቶቻችን ቢሰሙ አያምኑም። የጥንቱ ተዋጊ ቢያንስ ለዝናቡ ክብር ነበረው። ከዚያ ወዲህ የኛ አገር መንገደኛ «ወንዙ ሞልቷል ወይ?» ማለቱን ትቶ «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ማለት ጀመረ። እናት በቃሬዛ ስትወጣ ሁለት የሚያግዳት ነገር ሆነ፤ ውሃውና ጠመንጃው። በዚህ ጊዜ ስለ አምባ ጉብኝት ማውራት ቅብጠት ነው የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አልፈርድበትም። ግን ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት የሰላም ክረምቶች ሁሉ ድልድዩ አልተሠራም ነበር፤ ጦርነቱ ሲቆምም «ጦርነት ስለነበረ ነው» ብለው እንዳያመካኙብን ከአሁኑ መጻፍ ይሻላል።

የምንለምነው የአስፋልት መንገድ አይደለም። ሎጅም አይደለም። የእግር ድልድይ ከሌላ አገር የሚያስፈልገው ዋና ነገር የብረት ገመዱ ነው። ድንጋዩ ወንዙ ውስጥ ሞልቷል፣ አሸዋውም እዚያው ነው፣ ጉልበቱን ገበሬው በባህሉ በደቦ ያወጣል፤ ለቤተ ክርስቲያን ሲያወጣ ኖሯል። መሠረቱ የት ላይ መጣል እንዳለበት ደግሞ የየአገሩ ሽማግሌ ያውቃል። ውሃው በየትኛው ዓመት የት ድረስ እንደወጣ፣ የትኛውን ዛፍ እንደነካ፣ ወንዙ የት ላይ እንደሚጠብ ቆሞ ያሳያል። መሐንዲሱ ግን በነሐሴ መምጣት አለበት፤ በጥር ከመጣ ድንጋይ ላይ ቆሞ «እዚህ ምን ድልድይ ያስፈልጋል?» ብሎ ነው የሚመለሰው።